ልጄን በነጻ በሚያስታምሙልኝ ሰዎች ላይ ቅሬታ ላቅርብ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 12 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 7። የዛሬ ዓመት ገደማ የወንዱ ልጄ አንድ ዓይኑ ሸውረር ማለት ጀመረ። ሲራመድም ይንገዳገዳል። መነጽር የሚያስፈልገው መስሎኝ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሳምንት ሳይሞላ የአንጎል ዕጢ እንዳለበት ነገሩን። ቦታው በቀዶ ጥገና የማይነካ ነው አሉ። የጨረር ሕክምና ወሰደና ለጥቂት ወራት ተሻለው። ትምህርት ቤትም ተመልሶ ነበር። አሁን ግን ብሶበታል። መናገር አይችልም። መዋጥም አቅቶት በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው የሚመገበው። አእምሮው ግን ንጹሕ ነው። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል። ቀኝ አውራ ጣቱን ካነሣ «አዎ» ማለቱ ነው። ዓይኑን ጭፍን ካደረገ «አይ» ማለቱ ነው።

ሐኪሞቹ ወደ ሕፃናት ሆስፒስ፣ የማይድን ሕመም ያለባቸው ልጆች ወደሚታመሙበት ቤት፣ ላኩን። በየወሩ ጥቂት ቀናት እዚያ እናድራለን። ቦታው ያምራል፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ክፍያ የለም። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስ ሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ ገብታ ልጄን አቅፋ ስታንሳፍፈው አይቼ አልቅሻለሁ።

ችግሩ ሌሊት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምናውቃቸው ነርሶች እየቀነሱ፣ ማታ ማታ ከኤጀንሲ የሚመጡ አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ። ባለፈው ለወላጆች በተዘጋጀው ክፍል ተኝቼ ሊነጋ ሲል ደንግጬ ነቃሁ። ወርጄ ስጠይቅ ነርሷ «በሰላም ተኝቷል» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጥ የግራ እግሩ ጣቶች እጥፍጥፍ ብለዋል። ልጄ ሲያመው እንደዚያ ነው የሚሆነው። ፊቱ በዕጢው ምክንያት ስለዛለ አይጨማደድም። የሕመም ማስታገሻው የሞርፊኑ ሰዓት በአንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ዳይፐሩ ርሷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ እንዲሁ ሆኗል።

ጠዋት ልናገር ፈለግኩ። ሲከፋኝ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት። «ሌሊቱን ሙሉ ወንድሜን ሲያመው ነበር በያቸው» ማለት አቃተኝ። ዝም አልኩ።

ባለቤቴ «በነጻ ለሚያስታምሙልን ሰዎች ምን ብለን እናማርራለን? ቂም ቢይዙበትስ? ቦታውን ቢከለክሉንስ?» ይላል። አማቴ በስልክ «አገር ቤት ስንት እናት ይህንን አጥታለች፤ ተመስገን በዪ» ይሉኛል። ዘመድ ደግሞ ሞርፊን ቶሎ ይወስደዋል፣ ጸበሉ ይበቃዋል እያለ ያስፈራራኛል። አንዳንዴ የዘገየው ለበጎ ይሆን እንዴ እላለሁ። ከዚያ ጣቶቹ ትዝ ይሉኛል።

እትዬ፣ እኔ ውለታ ቢስ ነኝ? ልናገር ወይስ ልተወው? ወይስ ቤቴ ወስጄ በራሴ እጅ ላስታምመው?

ሌሊት የማትተኛ እናት፣ ከእንግሊዝ

—

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ የሚያቆመኝ አንድ ቦታ ነው፤ ብርድ ልብሱን ገልጠሽ ጣቶቹን ያየሽበት። ነርሷ ፊቱን አይታ ተኝቷል አለች። የዋሸች አይመስለኝም። ፊቱ እንደዚያ ነበር። እግሩን ማየት እንዳለባት የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ቁርጡን ልንገርሽ። ውለታ ቢስ አይደለሽም። ተናገሪ። ዛሬ ነገ ሳትዪ፣ ልጅሽ ተመልሶ እዚያ ከማደሩ በፊት ተናገሪ።

ዝም ያሰኘሽን ነገር አውቀዋለሁ። ይሉኝታ ነው። የሰው ቤት ወጥ ጨው በዛበት አይባልም ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ጉሉኮሷ ትክክል እንዳልሆነ አይቼ ነበር። ነርሷ ሥራ በዝቶባታል፣ ላስቸግራት አይገባም እያልኩ ስጠብቅ የእናቴ እጅ እስከ ክርኗ አበጠ። ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ይሉኝታውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ያበጠው ግን የእሷ እጅ ነው። ልጅሽም እንደዚያው ነው። አንቺ ጨዋ ሆነሽ ዝም ስትዪ ሌሊቱን የሚከፍለው እሱ ነው። እሱ ደግሞ ይሉኝታ ልያዝ ብሎ አልተስማማም።

«በነጻ» የምትለዋን ቃል ደግሞ አብረን እንያት። የሕፃናት ሆስፒስ ወላጅን አያስከፍልም። ገንዘቡ ግን ከአንድ ቦታ ይመጣል። ከመንግሥት ጥቂቱ ይገኛል። አብዛኛው ሕዝብ የሚያዋጣው ነው። ያገለገለ ልብስ በሚሸጡት ሱቆቻቸው ውስጥ ያለ ደሞዝ የሚቆሙትን አሮጊቶች አይተሽ ይሆናል። ሩጫ ሮጠው፣ ኬክ ጋግረው የሚሰጡም አሉ። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን የሰጡት አንድ ሕፃን ሌሊት እንዳያመው ነው። የጎደለውን ብትነግሪያቸው ስጦታቸው የታሰበለት ቦታ እንዲደርስ ረዳሽ ማለት ነው።

የሕፃናት ሆስፒስ የሚባለው ነገር ራሱ የተጀመረው አሁን ባለሽበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኦክስፎርድ ውስጥ ሄለን ሐውስ ሲከፈት በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ያቋቋሙት ሲስተር ፍራንሲስ ዶሚኒካ የተባሉ መነኩሴ ናቸው። አነሳሳቸው የአንጎል ዕጢ ክፉኛ የጎዳት ሄለን የምትባል ሕፃን ናት። ወላጆቿ ቤታቸው ያስታምሟት ነበር። መነኩሴዋ አልፎ አልፎ ወስደው ይይዙላቸዋል፣ እነሱም ትንሽ ያርፋሉ። በቃ፣ ሐሳቡ ከዚህ ነው የተወለደው። ቤቱ የተከፈተው እናትና አባት ልጃቸውን አምነው ሰጥተው አንድ ሌሊት እንዲተኙ ነው። አንቺ እዚያ ሆነሽም እንቅልፍ ካጣሽ ቤቱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

የባለቤትሽን ፍርሃት ቀላል ነው አልልሽም። ቅሬታ ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው የትም አይጠፋም። ግን እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ያለ ተቆጣጣሪ አይሠራም። ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ይመዘግባቸዋል፣ ሄዶ ይፈትሻል፣ «እጅግ ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «ማሻሻል ያስፈልገዋል»፣ «ብቁ አይደለም» እያለ ደረጃ ይሰጣል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የእናንተንም ቤት ማየት ትችያለሽ። ቅሬታ የመቀበያ ሥርዓት እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። ቅሬታ ያቀረበ ቤተሰብ በዚያ ምክንያት እንዲበደል ደንቡ አይፈቅድም።

አገሩም የወላጅን ዓይን መናቅ ምን እንደሚያመጣ በመራር መንገድ ተምሯል። ማርታ ሚልስ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ሆስፒታል ተኝታ በሴፕሲስ፣ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን በሚያናጋበት ሕመም፣ ሞተች። ወላጆቿ ስጋታቸውን ቢናገሩም የሚገባውን ያህል የሰማቸው አልነበረም። በእሷ ስም የተጠራው «የማርታ ደንብ» ከ2024 ጀምሮ ወደ እንግሊዝ ሆስፒታሎች ገብቷል። ቤተሰብ ሕመምተኛው እየባሰበት ነው ብሎ ከሰጋ፣ ሌላ የሕክምና ቡድን በአስቸኳይ እንዲያየው መጠየቅ ይችላል። ደንቡ የወጣው ለሆስፒታል ነው፣ ለሆስፒስ አይደለም። ይህንን የማነሣልሽ ስትናገሪ እንግዳ ነገር እንዳልጠየቅሽ እንድታውቂ ነው።

አሁን ወደ ጣቶቹ ልመለስ። የልጆችን ሕመም ለመለካት ነርሶች ፍላክ የሚሉት መለኪያ አለ። አምስት ነገር ያያሉ፦ ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውን፣ ሲያባብሉት መረጋጋቱን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጡና ከ10 ይደምሩታል። እንግዲህ አስቢው። የልጅሽ ፊት አይጨማደድም። ድምፅ አውጥቶ ማልቀሱም ያስቸግረዋል። እግሩ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ክፉኛ እያመመው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው መለኪያው እንደገና ሲሻሻል ወላጅ የልጁን የራሱን ምልክት እንዲያስገባበት ቦታ የተተወለት። ያን ቦታ የሚሞላው አንቺ የምታውቂው ነገር ነው። «የተሻሻለውን ፍላክ ትጠቀማላችሁ? የግራ እግሩ ጣቶች ይጻፉበት» በያቸው። የቀን ነርሶቹ ስለ ጣቶቹ ያውቃሉ? የሚያውቁ ከሆነ ማታ ሲረካከቡ ለምን አልተላለፈም? ይህንንም ጠይቂ።

ስለ ሞርፊኑ ዘመድ የሚልሽ ብዙ እናት የሚሰማው ነው። መጠኑ በክብደቱ ተሰልቶ፣ እየታየ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ሞርፊን ልጅን ቶሎ አይወስድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለልጆች ሥር የሰደደ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ሕይወታቸውን የሚያሳጥር በሽታ ላለባቸው ልጆች በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሞርፊን ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። ልጁ እስኪያመው ሳይጠበቅም ሐኪሙ በወሰነለት ሰዓት መሰጠት አለበት። ሲጀመርና ሲጨመር ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው ይችላል። ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ አብሮ መሰጠት አለበት። እየተሰጠው ነው? በሁለት የመድኃኒት ሰዓቶች መካከል ሕመሙ ብቅ ቢል የሚሰጥ ተጨማሪ መጠንስ ታዝዞለታል? ለማንቃት ካስቸገረሽ ወይም ትንፋሹ ከወትሮው በጣም ከዘገየብሽ ወዲያው ሰው ጥሪ። ከዚህ ውጭ የመድኃኒቱ መዘግየት ለበጎ አልነበረም። አንቺም ጣቶቹን ስታዪ ይህ ገብቶሻል። እንደዚያ ብለሽ ራስሽን ለማጽናናት መሞከርሽ ግን ሰው መሆን ነው። በእሱ ራስሽን አትቅጪ።

ጸበሉን ከሞርፊኑ ጋር አታጣዪው። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መዋጥ ስለማይችል ብቻ በአፉ አትስጪው፣ ይረጭለት። ካህን እንዲመጣለት ብትፈልጊ ንገሪያቸው። ለዚህ ሁሉ በር የሚከፍቱ ቤቶች ናቸው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ሁለቱንም ሌሊት ጻፊው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየሽውን። ስሜትሽን ለጊዜው ተይውና ዓይንሽ ያየውን ብቻ። ከዚያ ደውለሽ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ቀጠሮ ያዢ። ስትደውዪ «ባለሙያ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በዪ። በስልክም ሊሆን ይችላል። ክፍያው አንቺን አይመለከትም። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ለሴት ልጅሽም እፎይታ ናት። የ12 ዓመት ልጅ የወንድሟን ሕመም በሁለት ቋንቋ መሸከም የለባትም። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት መመሪያም ልጆች እንዲያስተረጉሙ አይፈልግም። «አቃተኝ» ብለሽ ዝም ያልሽው እሷን ለመጠበቅ ነበር፤ ልክ ነበርሽ።

ስብሰባው ላይ በምስጋና ጀምሪ፣ ምክንያቱም ምስጋናሽ እውነት ነው። ስለ ገንዳው ንገሪያቸው። ከዚያ ቀጥዪና «ልጄ ሁለት ሌሊት በሕመም አድሯል። እንዳይደገም ምን ታደርጋላችሁ?» በዪ። ያችን ነርስ ክፉ አድርጎ መሳል የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። ምናልባት ብቻዋን ብዙ ልጅ ይዛ ነበር። ምናልባት ሥራ ስትረከብ አንድ መስመር ብቻ ተነግሯት ነበር። ስለዚህ ይህንኑ ጠይቂ። በዚያ ሌሊት ስንት ነርስ ለስንት ልጅ ነበረ? አዲስ ሰው ሲገባ ስለ ልጄ የሚነግረው ማነው? የመድኃኒት ሰዓት ሲያልፍ የሚያስታውስ ሁለተኛ ሰው ወይም ማንቂያ አለ? አዲስ ነርስ ከገባች፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት መጥታ እንድትተዋወቅሽ ጠይቂ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከንፈሩን በየስንት ሰዓቱ እንደሚያረጥቡለት፣ ዳይፐሩ መቼ መቼ እንደሚታይ፣ ጎኑ መቼ እንደሚቀየር ዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ስትወጪ «መቼ ነው ተመልሰን የምንነጋገረው?» ብለሽ ቀን ቁረጪ።

ከዚያ በኋላ ካልተስተካከለ ቅሬታሽን በጽሑፍ ስጪ። ወደ ሆስፒሱ ለላከሽ ሐኪም ንገሪው። ለኬር ኳሊቲ ኮሚሽንም ማሳወቅ ትችያለሽ። እዚያ ድረስ ላትደርሺ ትችያለሽ። በደንብ የሚሠራ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ይደነግጣል፣ ያመሰግናልም። የሚሰጡሽ መልስ ራሱ የቤቱን ጥራት ያሳይሻል። ጥያቄ ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ይቅርታ ብለው ሠርተው ካሳዩሽ እመኛቸው። «ሠራተኞቻችን ምርጥ ናቸው» ብለው ከሸኙሽ ግን ሌላውን በር አንኳኪ።

ቤት ልውሰደው ላልሽው፣ መብትሽ ነው። የልጆች ነርሶች ቤት ድረስ የሚመጡበት አሠራርም አለ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤት እንዲሆን የምትፈልጊው እሱም አንቺም ቤታችሁን ስለምትወዱ ነው ወይስ ያቺን ሌሊት ስለፈራሽ? እሱን ራሱን ጠይቂው። አውራ ጣቱ አለ። ቤት ከሆነ ደግሞ ሌሊት የሚደወልበት ሰው ማን እንደሆነ፣ ሞርፊኑን ማን እንደሚሰጥ፣ አንቺ መቼ እንደምትተኚ ሳይጻፍ አትውጪ። መጀመሪያ ሆስፒሱ እንዲያስተካክል አንድ ዕድል ብትሰጪው እኔ ደስ ይለኛል። ገንዳውን ያጣዋልና።

ባለቤትሽን አትታገዪው። አባት «ዝም እንበል» ሲል ብዙ ጊዜ የቀረችውን ነገር እንዳያጣ ፈርቶ ነው። አንድ ሌሊት ከልጁ አጠገብ እሱ ይደር። ጣቶቹን ራሱ ይያቸው። ስብሰባው ላይም ጎንሽ ይቀመጥ፣ ባይናገርም። አማትሽ ያሉትም ውሸት አይደለም። አገር ቤት ሞርፊን ሳያገኝ የሚያድር ልጅ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስታምሙ ሰዎች ለዚህ ነው የሚደክሙት። ግን የዚያ ልጅ ሕመም በዚህኛው ልጅ ሕመም አይካካስም። «ተመስገን እላለሁ እማዬ፣ ደግሞም እናገራለሁ» በያቸው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ላንሣ። አሁን ካልቻልሽ ዝለዪውና ሌላ ቀን አንብቢው። እነዚህ ቤቶች ለመጨረሻው ቀን ዕቅድ አብረው ይጽፋሉ። ማን አጠገቡ ይሁን፣ የትኛው መዝሙር ይከፈት፣ ካህኑ መቼ ይጠራ፣ ገላውን ማን ያጥበው። ብዙዎቹ ልጁ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ጥቂት ቀን አብሮት የሚቆይበት ቀዝቃዛ ክፍል አላቸው። የእኛ ልማድ ቶሎ መቅበር እንደሆነ ካልነገርሻቸው አያውቁም። ለቅሶ ሲመጣ ስንት ሰው እንደሚጎርፍም አያውቁም። አስተርጓሚው ባለበት ቀን፣ አቅም ካገኘሽ፣ ይህም ይጻፍ። ጽፎ ማስቀመጥ ቀኑን አያቀርበውም።

ለዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥሽ፤ ከሴት ልጅሽ ጋር የምትሠሩት። አንድ ወረቀት አምጡ። አልጋው ራስጌ ላይ የሚለጠፍ ነው። እሷ ከማስተርጎም ትረፍና ሥዕሉን ትሣል፤ አንድ አውራ ጣት፣ አንድ የተጨፈነ ዓይን፣ አንድ እግር። ጽሑፉን በእሱ አንደበት ጻፉትና አንብባችሁለት በአውራ ጣቱ ይፍቀድ። እንዲህ ብላችሁ ብትጀምሩስ?

«ሁሉንም እሰማለሁ፣ ስለዚህ አናግሩኝ። አውራ ጣቴን ካነሣሁ አዎ ማለቴ ነው። ዓይኔን ከጨፈንኩ አይ ማለቴ ነው። ሲያመኝ ፊቴ አያሳይም። ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ የግራ እግሬን ጣቶች እዩልኝ።»